ባለቤቴ «ሁሉንም ራሴ እሠራዋለሁ» ይላል

የደረሰን ደብዳቤ፦

«እንደምን ሰነበቱ? ከስምንት ወር በፊት ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ቤት ገዛን። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ የእንጨት መስኮቶች ናቸው። ወደድነው። ቀለምና ትንሽ ጥገና ብቻ የሚያስፈልገው መስሎን ነበር። ባለቤቴ እጁ ጎበዝ ነው፤ ጠረጴዛም በርም ሠርቶ ያውቃል። ‹ሁሉንም ራሴ እሠራዋለሁ፣ ገንዘባችን ለዕቃ ብቻ ይውላል› አለ። እኔም ተስማማሁ።

አሁን ትልቁ መታጠቢያ ቤት ከፈረሰ አምስት ወሩ ነው። ትንሿ ሽንት ቤት ውስጥ በባልዲ እየታጠብን ነው። የመኝታ ቤቱ አንዱ ግድግዳ ከታች እየረጠበ ቀለሙን ይጥላል። ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው አብረው ሲበሩ መብራት ይጠፋል። ከአንዱ በር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅም አለ። እሱ ግን ይህ ሁሉ ሳያልቅ በሳሎንና በወጥ ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ ላፍርስ እያለ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቪዲዮ ያያል፣ ይሰብራል፣ ቤቱን አቧራ በአቧራ ያደርጋል። ሰኞ ወደ ሥራው ይሄዳል። የ2 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን።

ሰው እንቅጠር ስለው ‹አታምኚኝም ማለት ነው› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው› ትላለች። ግን ሁሉንም በባለሙያ ለማሠራት አቅማችን አይፈቅድም። የቱን እሱ ይሥራ? የቱን እናሠራ? ‹በቃ› የሚባለውስ መቼ ነው?

አቧራ የሰለቻት»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አቧራው እኔንም አስነጠሰኝ። እየኖሩበት ቤት ማደስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጫማሽን ፈልገሽ ሲሚንቶ ከረጢት ሥር ታገኚዋለሽ። ማታ ስትተኚ ነገ ደግሞ ምን ይፈርስ ይሆን እያልሽ ነው።

እናትሽ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሥራው ሁሉ ለሠሪው ይሰጥ ቢባል ገንዘባችሁ እንደማይበቃ አንቺው ነግረሽኛል። ስለዚህ ሥራውን መከፋፈል ግድ ነው። የተሳሳተው የምትከፋፍሉበት መንገድ ነው። እናንተ ቤት የሚጠየቀው «እሱ ይችላል ወይስ አይችልም?» ነው። እንዲህ ከተጠየቀ መልሱ ሁልጊዜ ኩርፊያ ነው። ባለቤትሽ እኮ ይችል ይሆናል። ጠረጴዛ ያቆመ እጅ ቧንቧ መግጠም አያቅተውም።

እኔ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ሥራ ቢበላሽ መቼ እናውቃለን?

ቀለም ከተዝረከረከ ያኑ ዕለት ማታ ይታያል። ይፋቃል፣ ይደገማል፣ የጠፋው አንድ ቆርቆሮ ቀለምና አንድ ቅዳሜ ነው። በር ጠማማ ከተገጠመ አልዘጋ ብሎ ራሱ ይናገራል። ሴራሚክ ሥር የተቀበረ የቧንቧ መገጣጠሚያ ግን ዝም ይላል። ወራት ሙሉ ዝም ይላል።

ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። በአሮጌው ቤቴ የመታጠቢያ ቤቱን የፍሳሽ ቧንቧ ራሴ ገጠምኩ። ውሃ ለቀቅኩበት፣ ጠብ አላለም። ኮራሁ። ሲሚንቶ አለበስኩት፣ ሴራሚክ አነጠፍኩበት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎበኘሁት። በሰባተኛው ወር ከጎኑ ያለው ክፍል የእንጨት ወለል አብጦ ተነሳ። ለካ አንዷ መገጣጠሚያ በአንድ በኩል ማጣበቂያ አልነካትም ኖሯል። የጥፍር ያህል ክፍተት ናት። እሷን ለማግኘት ሴራሚኩ ተሰበረ፣ ወለሉ ተነቀለ፣ የበሰበሰው እንጨት ወጣ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ የሠራው ሥራ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የቀረው ወጪ በሙሉ የእኔን ሥራ የማፍረሻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ይህ ነው። ስህተቱ ወዲያው የሚታይና የሚመለስ ከሆነ ራስሽ ሥሪው። ስህተቱ ተደብቆ የሚያድር ከሆነ፣ ወይም ሰው የሚጎዳ ከሆነ ባለሙያ ጥሪ። እስቲ የአንቺን ቤት በዚህ እንየው።

ከሁሉ በፊት ያ የሚረጥበው ግድግዳ። ብዙ ሰው እርጥብ ግድግዳ ሲያይ ሮጦ ቀለም ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ፤ አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀብቼዋለሁ፣ ሦስቴም ጥሎታል። ግድግዳው ቀለም አልጠየቀም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ እስካልታወቀ ድረስ ላዩ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው። ደስ የሚለው ግን ይህን የማጣራቱ ሥራ ምንም አያስወጣም፤ ባለቤትሽ በደንብ ሊሠራው ይችላል።

ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዞ ይውጣ። አሸንዳው ሞልቶ ይፈሳል? ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ ውሃውን የት ነው የሚጥለው? ግድግዳው ሥር ከሆነ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ተፈታ። ቀጥሎ ከውጭ ያለውን አፈር ይይ። በአሮጌ ቤቶች ዙሪያ አፈሩ ከዓመት ዓመት እየተከመረ ይመጣል። አንዱ አበባ ይተክላል፣ ሌላው ያነጥፋል፣ አንድ ቀን መሬቱ ከቤቱ ወለል እኩል ይሆናል። የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከግድግዳው ሲርቅም በየሜትሩ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እያዘቀዘቀ ቢሄድ ጥሩ ነው። ይህን በአካፋ ማስተካከል የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ስህተቱም በመጀመሪያው ዝናብ ይታያል። ስለዚህ የባለቤትሽ ሥራ ነው።

የተሰበረ ቧንቧ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ማታ ልትተኙ ስትሉ ሁሉንም ውሃ ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ጻፉ። ሌሊት ማንም ውሃ አይንካ፣ ሽንት ቤትም አይለቀቅ። ጠዋት ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ጥፋቱ የሽንት ቤቱ ታንክ ሊሆንም ስለሚችል፣ ታንኩ ውስጥ ቀለም ያለው ነገር ጠብ አድርጉበትና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ሌባው ተያዘ። ካልወረደ ግን ውሃው ግድግዳ ወይም ወለል ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ያኔ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። የፍለጋውን አንድ ክፍል እናንተ ስለጨረሳችሁለት ሥራው ይቀልለታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤት ሲበላሽበት ስላየሁ ነው። የድሮ ግድግዳ በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ከሆነ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ወደ አየር ያወጣል። በላዩ ላይ የሲሚንቶ ልስን ከተመረገበት መውጫው ይዘጋል። ውሃው የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድሮ ጉልበት ላይ ይቆም የነበረው እርጥበት ወገብ ይደርሳል። በኖራ የተሠራ በኖራ ይጠገናል። ይህን የማያውቅ ግንበኛ አጋጥሞኛል። «ሲሚንቶ ይጠነክራል» ነው የሚለው። ይጠነክራል፣ እሱ ላይ አልተከራከርኩም። የመድረቁን ነገር ደግሞ አትቸኩሉበት። የውሃው ምንጭ ከተቋረጠ በኋላ ወፍራም ግድግዳ በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከወጣበት በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። በውሃ ካጠባችሁት መልሶ ይጠጣዋል።

ወደ ስንጥቁ እንምጣ። ከበር ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ በአሮጌ ቤት ብርቅ አይደለም። በርና መስኮት የተከፈተበት ቦታ የግድግዳው ደካማ ጎን ነው፤ ቤቱ ትንሽ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ዋናው ጥያቄ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለው ነው። በባትሪ ውስጡን እዩት። ውስጡ አሮጌ ቀለም፣ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር ካለው የቆየ ነው። ጠርዙ ንጹሕና ስል ከሆነ አዲስ ነው። ከዚያ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። በሰፊው ቦታም ማስመሪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ። በየወሩ መልሳችሁ አንሱ። አንዳንድ አፈር በዝናብ ጊዜ ያብጣል፣ በድርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ እርጥብና አንድ ደረቅ ወቅት ይለፍበት።

ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ስንጥቅ የልስን ጉዳይ ነው፤ ሙሉትና ቀቡት። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ የመልክ ችግር ነው። ከዚያ ከሰፋ፣ ከወር ወር ከጨመረ፣ ወይም አጠገቡ ያለው በር አልዘጋ ማለት ከጀመረ ግን የስትራክቸር መሐንዲስ ይይልሽ። ልብ በይ፣ መሐንዲስ ነው ያልኩት። ግንበኛ ጠርተሽ «ይህ ስንጥቅ ያሰጋል?» ብትይው የሚሰጥሽ መልስ ያው የግንብ ሥራ ነው።

መሐንዲሱን ከጠራችሁ ደግሞ በዚያው የሳሎኑን ግድግዳ አሳዩት። እስከዚያ ድረስ መዶሻው ይቀመጥ። በዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር አልደራደርም። ግድግዳን በጣት እያንኳኩ «ባዶ ድምፅ አለው፣ ምንም አልተሸከመም» ማለት አይቻልም። ሲሠራ ምንም እንዳይሸከም የተሠራ ግድግዳ እንኳ በ50 ዓመት ውስጥ ሸክም ሊለምድ ይችላል። ላዩ ያለው እንጨት ቀስ እያለ ይጎብጥና ይደገፍበታል። ያን ድጋፍ ስታነሺው ጣሪያው በዚያው ቀን ላይወድቅ ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሮች መጣበቅ ሲጀምሩ፣ ኮርኒሱ ሲሰነጠቅ ነው ነገሩ የሚገባሽ። ግድግዳው የሚሸከም ሆኖ ከተገኘ መክፈት የሚቻለው መሐንዲሱ ባሰላው ቢም፣ ማለትም ሸክሙን በሚቀበል አግዳሚ ነው። እስኪገባ ድረስም ጣሪያው በባላ ይደገፋል። በብዙ ቦታ ፈቃድም ይጠይቃል። የመሐንዲስ የአንድ ሰዓት ጉብኝት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

ኤሌክትሪኩ ላይ አጭር እሆናለሁ። ምድጃና ማሞቂያ አብረው ሲበሩ መብራት መጥፋቱ ብሬከሩ፣ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚቆርጠው ማለቴ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 3 ኪሎ ዋት ምድጃ ደግሞ 14 ገደማ። ሲደመር 23 ነው። መስመሩ ላይ ያለው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከሆነ መቁረጥ ግዴታው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት» ብሎ ይመክራችኋል፤ አይቀርም። ያን ሰው ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ብሬከሩ ትልቅ ሲሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ አብሮ አይወፍርም። ይግላል። በዚያ ዘመን በተሠሩ ቤቶች ደግሞ የሽቦው ልባስ ጎማ ወይም ጨርቅ ሊሆን ይችላል፤ ደርቆ ሲነኩት ይረግፋል። የመሬት መስመርም (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) ላይኖር ይችላል፣ መታጠቢያ ቤት ባለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ኤሌክትሪሽያን ይምጣና መስመሩን በሙሉ ይመርምር። ምድጃውና ማሞቂያው የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ሰው ሲይዘው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያም ይግባ።

ባለቤትሽ እዚህም ሥራ አያጣም። በኤሌክትሪክ ሥራ ብዙውን ቀን የሚበላው ሽቦ ማገናኘቱ አይደለም፤ ግድግዳ መቦርቦርና ኋላ መድፈኑ ነው። ባለሙያው በጠመኔ ያስምር፣ ባለቤትሽ ይቦርብር። ባለሙያው ሽቦውን ይዘርጋ፣ ያገናኝ፣ ይፈትሽ፤ ባለቤትሽ ይድፈን። ከመቦርቦሩ በፊት በአካባቢው ያለው መብራት ይጥፋ፣ መጥፋቱም በቴስተር ይረጋገጥ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ይሞክረው። የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ የሞተ ነው ይልሻል።

አሁን ከሁሉ ያሳሰበኝ ልንገርሽ። አቧራው ነው። አንቺ የጻፍሽው ሰልችቶሽ ነው፣ እኔ የማስበው ስለ ልጆቹ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። የምንጽፍበትን እርሳስ አይደለም፣ ብረቱን ማለቴ ነው። አደጋው ከታወቀ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጩን የእርሳስ ቀለም በቤት ውስጥ ቅብ ላይ የሚገድብ ስምምነት ያወጣው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ቢሆንም አሜሪካ እንኳ ከመኖሪያ ቤት ቀለም ያገደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። የዚያን ጊዜው ቀለም ዛሬ ካለው ቀለም ሥር ተኝቷል። እንደተኛ ከተተወ ብዙም አይጎዳም። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ፣ በግራይንደር ሲበላ፣ በእሳት ሲቃጠል ነው የሚነሳው። የሁለት ዓመት ልጅ መሬት ላይ ይጫወታል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ጉዳቱም አእምሮ ላይ ነው።

ስለዚህ እስኪመረመር ድረስ ደረቅ ፍቂያ ይቁም። የቀለም ቅንጣቢ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። እርሳስ ካለበት ቀለሙ እየረጠበ ይፋቅ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ፣ በሩ በላስቲክ ይሸፈን። ሲያልቅ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። የሥራ ልብሱ ከልጆቹ ልብስ ጋር አይታጠብ። ልጆቹ የዚያን ቀን ሌላ ቤት ቢውሉ ይመረጣል፤ ሥራው ሰፊ ከሆነ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ይሥራው። እስካሁን ስለበነነውም ለሐኪማቸው ንገሪ። በደም ምርመራ ይታወቃል።

አስቤስቶስም አለ፤ ድሮ የግንባታ ዕቃ ውስጥ ይጨመር የነበረ ቃጫ መሰል ማዕድን ነው። በአሮጌ ቤት እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ግራጫ የጣሪያ ክዳን፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የቧንቧ ሽፋን ወይም አሮጌ የወለል ንጣፍ ውስጥ ይገኛል። ካልተሰበረ ተዉት። አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ አትፈግፍጉት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ በሽታው የሚታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። «ቢበላሽ መቼ እናውቃለን?» ላልኩት ከዚህ የባሰ መልስ የለም። ማስነሳት ካስፈለገ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ብቻ።

ታዲያ ለባለቤትሽ ምን ቀረለት? ብዙ! መስኮቶቹ ቀሩለት። እንጨት የሚያውቅ ሰው እያለ እነዚያን ሰፋፊ መስኮቶች አውጥቶ በአሉሚኒየም መቀየር ነውር ነው። የድሮ መስኮት ክፍል በክፍል ይፈታል። የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ አዲስ እንጨት ይቀጠልለታል፣ የመስታወቱ ማጣበቂያ ይታደሳል፣ ማጠፊያው ይቀባል። የቀለሙን ጉዳይ ከላይ እንዳልኩት አድርጎ ይህን ይሥራ። ከባለሙያ ቢጠየቅ ብዙ የሚያስከፍል ሥራ ነው፤ ጊዜና ትዕግሥት ስለሚበላ። በሮቹም አሉ። ቀለሙ አለ። ቁም ሣጥኑ፣ መደርደሪያው፣ ዕቃ መሸከሙ፣ ፍርስራሽ ማውጣቱ አለ። ይህ ሁሉ ስህተቱ የሚታይ ሥራ ነው።

መታጠቢያ ቤቱ ግን ከእጁ ይውጣ። ይህን ስል ባለቤትሽን መውቀሴ አይደለም፣ የቀናት ሒሳብ ነው። አንድ የለመደ ባለሙያ 100 ሰዓት የሚሠራበት ክፍል ነው እንበል። ለጀማሪ እጥፍ ነው፣ 200 ሰዓት። ባለቤትሽ ቅዳሜና እሁድ ዕቃ አውጥቶ፣ ሠርቶ፣ መልሶ አጽድቶ በቀን አምስት ሰዓት ቢያተርፍ በሳምንት አሥር ይሆናል። 200 ለ10 ስታካፍዪ ሃያ ሳምንት ነው። አምስት ወራችሁ ይኸው! ሰነፍ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው የከዳው። የመስኮት ሥራ ሃያ ሳምንት ቢፈጅ ማንም አይሞትም። ቤተሰብ የሚታጠብበት ክፍል ግን እንደዚያ ሊቆይ አይገባም።

መታጠቢያ ቤቱ ሲሠራ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የፍሳሽ ቧንቧው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ መሄዱን በውሃ ልክ ለኩ። የወለሉ ውሃ መከላከያ ከተቀባና ከደረቀ በኋላም የፍሳሹን አፍ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ። ደረጃውን ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉና 24 ሰዓት ጠብቁ። ቀንሶ ካገኛችሁት ወይም በሌላ በኩል እርጥበት ከታየ፣ ሴራሚክ ሳይነካ ይስተካከል። አንዳንድ ሠራተኛ በዚህ ይከፋል። «አታምኑኝም?» ይላል። እሱም ያቺኑ ቃል ይዟታል።

ስለ ቅጥሩ። ሠራተኛ ጠርታችሁ «ይህን ሥራልን» ብቻ እንዳትሉ። ምን እንደሚሠራ፣ በምን ዕቃ፣ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፣ ፍርስራሹን ማን እንደሚያወጣ፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ያንኑ ገጽ ለሦስት ሰው አሳዩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከረከሰ አንድ ነገር ረስቷል ማለት ነው። ሥራው መሐል ላይ ያስታውሰዋል። ሥራህን አሳየኝ ስትሉት የዛሬ ሳምንት የጨረሰውን አትዩ፤ ሁለት ዓመት የሞላውን እዩ። አዲስ መታጠቢያ ቤት ሁሉ ያምራል። ደግሞ «ምን ሊያጋጥመን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ለ50 ዓመት ቤት «ምንም ችግር የለውም» የሚል ሰው ያስፈራኛል። «ይህን ስንከፍት ያኛው ሊገኝ ይችላል፣ ያኔ እንዲህ እናደርጋለን» የሚለውን ቅጠሩ።

መጠኑ የታወቀ ሥራ በቁርጥ ይሻላል። ተከፍቶ እስኪታይ የማይታወቅ ከሆነ ግን በቁርጥ የሚሠራ ሰው ወይ ለራሱ መከላከያ ጨምሮ ይጠይቃል፣ ወይ ሲከስር ይሸፋፍናል። ለእንዲህ ያለው በቀን ሒሳብ ይሁን፣ እናንተም አጠገቡ ሁኑ። ሁሉንም ገንዘብ በቅድሚያ አትስጡ። በየደረጃው ክፈሉ። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ያህል ሥራው አልቆ ጥቂት ሳምንት እስክትጠቀሙበት ድረስ ያዙ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው በወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ መጨረሻ ላይ ድንገት ከሆነ ጠብ ነው። «ይህም ይጨመር» የሚባል ነገር ሲመጣ ዋጋው ሳይጻፍ አይጀመር። ካላችሁ ገንዘብ ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን አትንኩ። አሮጌ ቤት የተደበቀ ነገር አያጣም።

ግድግዳ ከመዘጋቱ በፊት የቧንቧውንና የሽቦውን መንገድ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሥዕል ለመስቀል ስትበሱ ትመርቁኛላችሁ።

«በቃ» የሚባለው መቼ ነው ብለሻል። አንድ ሥራ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም በቃ። የሚገዛው መሣሪያ ዋጋ ከባለሙያው የእጅ ዋጋ ሲበልጥ በቃ። ባለቤትሽ ራሱ ያን ክፍል እየዘለለ ሌላ ሥራ መጀመር ሲያበዛም በቃ። እውነቱን ለመናገር የሳሎኑን ግድግዳ ላፍርስ ማለቱ እኔ የሚመስለኝ እንደዚያ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከብዶታል፣ ግን አልተናገረውም። ማፍረስ ደግሞ ይቀላል፤ ውጤቱ በአንድ ቀን ይታያል።

ስለዚህ «ሰው እንቅጠር» ብለሽ አትጀምሪ። «ይህ ቢበላሽ መቼ እናውቃለን?» ብለሽ ጀምሪ። ያ ስለ እሱ አይደለም፣ ስለ ግድግዳው ነው። ባለሙያ ሲመጣም ባለቤትሽን ከሥራው አታውጪው። ዝቅታውን የሚለካው፣ የ24 ሰዓቱን ውሃ የሚጠብቀው፣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ክፍያውን የሚመዘግበው እሱ ይሁን። እጁ ላይ ሥራ ያለው ሰው አይከፋም። አንድ ነገር ግን ለምኚልኝ፤ ስልኩ ላይ ያለውን ቪዲዮ ለሠራተኛው እያሳየ «እዚህ ላይ እንዲህ አይደለም የሚሉት» እንዳይለው። እኔ አድርጌዋለሁ። ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በሚመጣው ቅዳሜ መዶሻው ይረፍ። ሁለታችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ ያልኩሽን ጥያቄ በየሥራው ጎን ጻፉ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ውሃውን ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ። ጠዋት ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። እስከዚያ ድረስ ለመኝታ ቤቱ ግድግዳ ቀለም እንዳትገዙ።